ጎጃም፦ ሹሙን ማን ይሾማል?

ጎጃም ዓባይ በሦስት ወገን ያቀፈው አገር ነው። ድሮ ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል። ከመሃል አገር የተላከ ሹምም ጦርም ውሃው እስኪጎድል ማዶ ይቆማል። ጎጃሜ ለራሱ አስተዳደር ያለው ስስት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በ1873 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። አገሩ የራሱ ንጉሥ አገኘ፤ ገበሬውን ግን ማንም አልጠየቀውም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1924 ተሻሩና በምትካቸው ራስ እምሩ ተላኩ። ከጣሊያን በኋላም የ1934ቱ ድንጋጌ የገዥዎችን ሹመትና ደመወዝ ከአዲስ አበባ ጋር አሰረው።

ገበሬው በእጁ የቀረው ርስቱ ነበር። መሬቱን ካቀናው አባት ዘሩን ቆጥሮ፣ በሽማግሌ ፊት ተከራክሮ ድርሻውን ያገኝ ነበር። ስለዚህ ቃላድ ይዞ መሬት ሊለካ የመጣ ሰው በጎጃሜ ዓይን ርስት ነቃይ ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው የጎበዝ አለቃ መርጦ ሸፈተ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ መንደሮችን በአውሮፕላን አስደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ገበሬው አሸነፈ፤ ሹሙን መምረጥ ግን አልተፈቀደለትም። ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር እንዲሰጥ በ1958 የወጣውን ትእዛዝ ፓርላማው ራሱ ሳያጸድቀው ቀርቷል። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ደርግ መሬቱን በ1967 የመንግሥት አደረገው። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ከጎረቤት መሃል ቢመረጥም፣ የእህል ኮታና ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ የመንግሥት እጅ ሆነ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ራስን በራስ ማስተዳደርን መብት አደረገ። መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ፣ የቀረው አማራ ክልል ገባ። የአገው አዊ ዞን እንጅባራ ላይ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ዞኖች ግን የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም፣ ከክልሉ በሚመደብ ሰው ይመራሉ። ወረዳና ቀበሌ በሕግ ምክር ቤት አላቸው። ሆኖም በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሥራ የሠራ ገበሬ «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ ወደ 4 ጥማድ (አንድ ሄክታር ገደማ) ሲወርድበት፣ ነገሩን የጨረሰው የፓርቲ ካድሬ ነበር። በ2000 እና በ2005 በተደረጉት የአካባቢ ምርጫዎችም ወንበሩን ከሞላ ጎደል ገዥው ፓርቲ ያዘው።