ፔፕፋር፦ ከክኒኑ ጀርባ ያለው ገንዘብ

ፔፕፋር የአሜሪካ መንግሥት በሌሎች አገሮች ኤድስን ለመዋጋት ያቋቋመው ፕሮግራም ነው። እስከ ኮቪድ ድረስ በአንድ በሽታ ላይ ብቻ ያተኮረ ይህን ያህል ትልቅ የዓለም ጤና ፕሮግራም አልነበረም። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ በጃንዋሪ 2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ በሜይ ሕግ ሆነ። እስካሁን የወጣው ከ100 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል።

ያኔ የኤችአይቪ መድኃኒቱ ጠፍቶ አልነበረም። ዋጋው ነው የማይቀመሰው። ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች በ350 ዶላር እሸጣለሁ አለና ሒሳቡ ተገለበጠ። የሚገርመው፣ ፔፕፋር መጀመሪያ የያዘው ውዶቹን መድኃኒቶች ነው። ለርካሾቹ መንገድ የተጠረገው አሜሪካ በ2004 እነሱን ቶሎ መርምሮ የሚያጸድቅ ሥርዓት ካወጣች በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 15 የትኩረት አገሮች አንዷ ነበረች። የዚያን ዘመን ሰው የእድር ጡሩንባውን አይረሳም፤ አንዱ ድንኳን ሳይነሳ ሌላው ይተከል ነበር። ዕድሜ ማራዘሚያው በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ገዝቶ ይውጥ ነበር፤ የሌለው ጠበል ይሄዳል።

ገንዘቡ በአብዛኛው የተረጂው አገር መንግሥት ካዝና አይገባም ነበር። ኮንግረስ በየዓመቱ ያጸድቃል፤ የአሜሪካ የልማት ዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድና የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሲዲሲ ደግሞ ሥራውን ለሚሠሩ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ያከፋፍሉ ነበር። ከፊሉ ጄኔቫ ላለው፣ ብዙ አገሮች ኤድስን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት ለሚያዋጡበት ግሎባል ፈንድ ይሄዳል። እዚያ የአሜሪካ ድርሻ ከጠቅላላው መዋጮ ከ33 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ አለ። ሌላውም እጁን ይዘርጋ ነው ነገሩ።

ዛሬ አብረው የሚወሰዱ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተጠቃለዋል፤ በቀን አንዴ ነው የሚዋጠው። የዓመቱ ዋጋ በ2023 ከ45 ዶላር በታች ወርዷል። እንግዲህ ዋናው ወጪ ብልቃጡ አይደለም። ለቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ለሚለካው ምርመራ) የተቀዳውን ደም ላብራቶሪ የሚያደርስ ሰው አለ። ቀጠሮው ያለፈበትን ደውሎ "ምነው ቀረህ?" የሚል ኬዝ ማናጀር አለ። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግብም አለ።

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ዶናልድ ትራምፕ የውጭ ዕርዳታን ሲያግዱ መጀመሪያ የተመቱት እነዚህ ናቸው። ሕይወት አድን ሥራዎች ይቀጥሉ የሚል ፈቃድ በቀናት ውስጥ ቢመጣም፣ በኢትዮጵያ በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። ክኒኑ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ደዋዩ ግን የለም።

ዩኤስኤይድ ተዘግቶ ሥራው ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዞሯል። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው አዲስ የአሜሪካ ስትራቴጂ፣ ድርጅቶቹን ወደ ጎን ትቶ ከመንግሥታት ጋር በቀጥታ መዋዋልን ይመርጣል። ወጪውንም በሂደት አገሮቹ ራሳቸው እንዲሸከሙት ይፈልጋል፤ የኬዝ ማናጀሯን ደመወዝ ጨምሮ።