ዳግማዊ ኤድዋርድ ዙፋኑን ለቀቀ ወይስ ተሻረ?

የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ኤድዋርድ በጃንዋሪ 1327 ከሥልጣን መውረዱ አንድ ጊዜ «በፈቃዱ ለቀቀ»፣ ሌላ ጊዜ «ተሻረ» ተብሎ የሚጻፈው፣ በአገሩ ሕግ ዘውድ የጫነን ንጉሥ የሚሽር ሥርዓት ስላልነበረ ነው። ፓርላማ የሚጠራው በንጉሡ ስም ሲሆን፣ እርሱ ግን በባለቤቱ በኢዛቤላና በዐመፀኛው መኰንን በሮጀር ሞርቲመር ወገን እጅ ወድቆ በኬኒልወርዝ ግንብ ታስሮ ነበር። በዌስትሚኒስተር የተሰበሰቡት መኳንንትና ጳጳሳት ለመንገሥ አይበቃም ብለው ክሱን ከዘረዘሩ በኋላ፣ ዘውዱን ለ14 ዓመት ልጁ እንዲያስተላልፍ መልእክተኞች ላኩበት፤ እስረኛ የሰጠውን ቃል ፈቃድ ብሎ መጥራት፣ በእኔ አስተያየት፣ የሕግ ሽፋን ከመሆን አያልፍም። ንጉሡ እያለቀሰ ተስማማ፤ ከመልእክተኞቹ አንዱ ዊሊያም ትረሰልም በአገሩ ሁሉ ስም ለንጉሡ የተገባው የታማኝነት መሐላ መቅረቱን አስታወቀ። በ1399 ሌላው የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ሲወርድ ግን ጉባኤው መልቀቂያውን መቀበል ብቻ ሳይበቃው የሽረት ፍርድም ጨመረበት።