«ሴቶች ኮድ አይወዱም» የሚለው አባባልና መሰሎቹ

በደብረ ብርሃን ከተማ ሶፍትዌር በመሥራት መተዳደር ከጀመርኩ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ ተማሪዎችም ለምክር ወደ ቢሮዬ መመላለስ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ሴቶችና ስለ ሙያችን የሚነገሩት የተሳሳቱ አባባሎች ግን አልተለወጡም፤ በየጊዜው መመለስ ስለሰለቸኝ አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ፕሮግራም መጻፍ ከመነሻው የወንድ ሙያ ነው።» አይደለም። ገና ላልተሠራ የስሌት ማሽን የሚሆን የትእዛዛት ቅደም ተከተል በ1843 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው እንግሊዛዊቷ አዳ ላቭሌስ ናት። በ1946 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ይፋ የሆነውን ኤኒያክ የተባለውን የአሜሪካ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ናቸው። በዚያው አገር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኮምፒውተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ከሚመረቁት ከሲሶ በላይ ሴቶች ነበሩ፤ በኋላ ቁጥሩ ወደ አምስተኛው እጅ ገደማ ወረደ። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ በዚህ ፍጥነት ባልተለወጠ ነበር።

«የሚመዘነው ኮዱ እንጂ ጾታው አይደለም።» በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮድ በሚጋሩበት ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ የቀረቡ የኮድ ማሻሻያዎችን መርምሮ፣ ሴቶች ከላኩት 79 በመቶ ገደማው፣ ወንዶች ከላኩት 75 በመቶ ገደማው ተቀባይነት ማግኘቱን አሳይቷል። ለፕሮጀክቱ እንግዳ የሆኑ ሴቶች ጾታቸው ሲታወቅ ግን የሚያገኙት ተቀባይነት ከወንዶቹ በታች ወርዷል።

«አድልዎ ድሮ ቀርቷል።» ባለፈው ሳምንት ሲስተም ልጭን የሄድኩበት ድርጅት ባለቤት «እህቴ፣ ባለሙያው መቼ ይመጣል?» ብሎኛል።

«ሴቶች ኮድ አይወዱም፤ የሚመርጡት ዶክመንቴሽን ነው።» ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዶክመንቴሽን የሚባለው ስለ ፕሮግራሙ የሚጻፈው የማብራሪያ ሰነድ ነው። አራት ወይም አምስት ተማሪዎች ያሉበት ቡድን ሲመጣ ሥራውን እንዴት እንደተከፋፈሉ እጠይቃለሁ፤ ኮዱ ለወንዱ፣ ዶክመንቴሽኑና ስላይዱ ለሴቷ ሆኖ አገኘዋለሁ። ክፍፍሉን ማን እንደወሰነ ስጠይቅ፣ «መርጣ ነው» የምትባለው ልጅ አንገቷን ትደፋለች። ላፕቶፑ የእሱ ነው፤ ኮዱ የሚጻፈው ሌሊት ነው፤ በዚያ ብርድና ጨለማ ብቻዋን ወደ ማደሪያዋ መመለስ ደግሞ ለእሷ ያስፈራል። ዓመቱ ሲያልቅ እሱ ብዙ ተሳስቶና ብዙ አርሞ ተምሯል፣ እሷ ስትተይብ ከርማለች፤ ያን ጊዜ «አላልንሽም?» እባላለሁ።

ከመንዝ የመጣች አንዲት ተማሪ፣ ቡድኗ ለጤና ጣቢያ የሕፃናት መመዝገቢያ ሲሠራ፣ የደረሳት ዶክመንቴሽኑ ነበር። ለሙከራ መረጃ ስታስገባ ሲስተሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደን ሕፃን አልመዘግብም አላት፤ ልጆቹ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን እንድትሆን አድርገው ጽፈውት ኖሯል። ብትነግራቸው «እንዲህ ያለ ቀን አይገጥምም» ብለው አለፏት። እሷ ግን በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን ከአያቷ ሰምታ ታውቅ ነበርና፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ስድስተኛውን ቀን የሚቀበል መስመር ራሷ ጻፈች። ሥራውን ሊያሳዩኝ ሲመጡ ያንን መስመር ያስረዳኝ ከወንዶቹ አንዱ ነበር፤ ለምን 3 እንደሆነ ብጠይቀው ዝም አለ፣ መልሱንም ከኋላ ቆማ የነበረችው እሷ ሰጠችኝ።

ስለዚህ ፕሮጀክት የምታማክሩ ሁሉ፣ ኪቦርዱ በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዘዋወር፣ ዶክመንቴሽኑም ለሁሉም በየምዕራፉ እንዲከፋፈል፣ የቡድኑ የሥራ ሰዓትም በቀን እንዲሆን አድርጉ። በግምገማው ቀን ኮዱን ከፍታ እንድታስረዳ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለሴቷ ተማሪ አቅርቡላት፤ አጠገቧ ያለው ልጅ ሊመልስላት ቢነሣ «ቆይ፣ እሷ ትናገር» በሉት።