ቢስትሮኖሚ ምንድን ነው? ምርጫውስ ለምን ያንሳል?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ፓሪስ ደርሶ መጣና «ቢስትሮኖሚ የሚሉት ነገር ማጭበርበር ነው፤ ሦስት ምግብ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ምረጥ ይሉሃል፣ ጠረጴዛው ልብስ የለውም፣ ከጎረቤትህ ጋር ክርን ለክርን ትጋጫለህ፣ የሚሰጡህም ርካሽ ሥጋ ነው» ብሎ ጻፈ። ሰዉም ከስር «ልክ ብለሃል» እያለ ተቀባበለው። ይሄን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። እኔ የምኖረው እንዲህ ባለ ቢስትሮ፣ ማለትም በትንሽ የሰፈር ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ወዳጄ፣ የቆጠርካቸው ጉድለቶች በሙሉ ዋጋው የቀነሰባቸው ምክንያቶች ናቸው።

ቢስትሮኖሚ ማለት የትልቅ ሆቴል ሙያ በትንሽ የሰፈር ቤት፣ በቀነሰ ዋጋ ሲቀርብ ነው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ኢቭ ካምድቦርድ የሚባል ወጣት ሼፍ ፓሪስ መሀል ባለው የቅንጦት ሆቴል ክሪዮን፣ በዋና ሼፉ በክርስቲያን ኮንስታን ስር ይሠራ ነበር። ከዚያ ወጣና ኪራይ በሚረክስበት በ14ኛው ወረዳ ጫፍ ላይ «ላ ሬጋላድ» የምትባል ትንሽ ቤት ከፈተ። የቅንጦቱን ዕቃና የአስተናጋጁን ብዛት ሆቴሉ ጋ ተዋቸው። ሙያውን ግን ይዞ ወጣ። እንግዳ ገና ሲቀመጥ ሙሉ የተሪን (በቅርጽ ተጋግሮ የሚቆረስ የተፈጨ ሥጋ) ሳህን ይቀርብለትና የፈለገውን ያህል ራሱ ይቆርሳል። ከዚያው ከክሪዮን የወጡ ሌሎችም በየሰፈሩ እንዲሁ አደረጉ። አንዱ ኤሪክ ፍሬሾን ነበር፤ በኋላ ለ«ለ ብሪስቶል» ሆቴል የምግብ ቤቶች ከፍተኛ ደረጃ የሆነውን ሦስት የሚሽላን ኮከብ ያመጣው እሱ ነው። ስሙ ራሱ የወጣው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰባስቲያን ደሞራን የተባለ የምግብ ጋዜጠኛ አወጣው። ሙያው የትልቅ ሆቴል፣ ቤቱ የሰፈር፤ ይኸው ነው።

አሁን ወደ «ሦስት ምግብ ብቻ» እንምጣ። ጾም በያይነቱ ስታዝዙ አስተናጋጁን «የምስሩን ተውና ጎመኑን ሁለት እጥፍ አድርገው» ብላችሁ አትከራከሩም። ቤቱ ዛሬ የሠራውን ያቀርባል፣ ዋጋውም አንድ ነው። ሽሮውና ድንቹ ርካሽ ስለሆኑ ወደድ ያለውን ይሸከሙታል። ሰዉ ሁሉ ከዚያው ድስት ስለሚበላ ማታ ድስቱ ባዶ ይሆናል፤ የሚጣል የለም። ፎሶሊያ ገበያ ላይ ከተወደደ ደግሞ ባለቤቷ በቀይ ሥር ትተካዋለች፣ ማንም ልብ አይልም። የቢስትሮው ፎርሙላም (በአንድ ቁርጥ ዋጋ የሚቀርበው ምግብ) እንዲሁ ነው የሚሠራው። የዱባው ሾርባ ዓሣውን ይሸከመዋል። ማኬሬል የተባለው ዓሣ ከተወደደ ነገ ሰሌዳው ላይ የለም። ልዩነቱ፣ እዚህ መክፈቻው፣ ዋናው ምግብና ጣፋጩ በየተራ ይመጣሉ፤ ከሳህናችሁም ማንም አያጎርሳችሁም።

ሠላሳ ምግብ የተዘረዘረበት ሜኑስ? ሠላሳው ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበት ፍሪጅ ይፈልጋል። ሃምሳ ወንበር ያለው ቤት ያን ሁሉ ትኩስ አድርጎ ይዞ ሊያድር አይችልም። ወይ ይጥላል፣ ወይ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባል፣ ወይ ከፋብሪካ በላስቲክ የመጣ ወጥ ያሞቃል። በመንገዴ ላይ ባለቀይ መጋረጃ፣ ባለአኮርዲዮን ሙዚቃ፣ ሜኑው በአምስት ቋንቋ የተጻፈ ቤት ሳይ አልፌ እሄዳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «ፌ ሜዞን» የሚል፣ ጣራ የተደፋበት ድስት ያለበት ምልክት በሕግ ወጥቷል፤ እዚያው ቤት ተሠርቷል ማለት ነው። ግን ሕጉ በበረዶ የቆየ ጥሬ ዕቃ መጠቀምን አይከለክልም። ስለዚህ ምልክቱን አይታችሁ አትጨፍሩ።

«ርካሽ ሥጋ ይሰጣሉ» የምትለዋን ግን በደስታ እቀበላለሁ። አዎ፣ የበሬ ጉንጭ ነው። ከሽንጥ በጣም ይረክሳል፣ ምክንያቱም ሥራው ያሰለቻል። ነጩን ሽፋን በቢላ አንድ በአንድ ትገፈዋለህ። በጣም በጋለ ብረት ድስት ላይ ሁሉም ጎኑ ቡናማ እስኪሆን ታገላብጠዋለህ። ከዚያ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ወይን ገብቶበት በአነስተኛ ሙቀት ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት መረቁ ይጣራል፣ ማንኪያ ላይ እስኪይዝ ድረስም ይንተከተካል። ሥጋው ቢላ አይፈልግም። ሽንጥ ለመጥበስ አራት ደቂቃ ይበቃል፤ ጉንጩ ግን በዋጋ የረከሰውን ያህል ጉልበት ይጠይቃል።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ፓሪስ ውስጥ የምሳ ፎርሙላ አሁን በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ዩሮ ገደማ ነው፤ ማታ ይጨምራል። የአገልግሎት ክፍያውም ግብሩም (ለምግብ 10 በመቶ፣ ለአልኮል 20) ዋጋው ውስጥ ነው። ዳቦና የቧንቧ ውኃ በነፃ ነው፤ «ካራፍ ዶ» በሉ ብቻ። የታሸገ ውኃ ካዘዛችሁ፣ ከሰሌዳው ላይ ነጠላ ነጠላ ከመረጣችሁ፣ ወይን ከደጋገማችሁ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቤቱ ትርፉን የሚያገኘው ከወይኑ ነው፤ ይሄን የምለው ባለቤቶቹ እንደማይወዱልኝ እያወቅሁ ነው። ከምግቡ ጎን «+4» የሚል ካያችሁም ከፎርሙላው በላይ የሚከፈል ጭማሪ ነው።

ጠረጴዛው የተጠጋጋው ደግሞ ኪራዩን ስለምትካፈሉት ነው። ማታ ማታ ብዙ ቤት ሁለት ዙር ያስተናግዳል፤ የመጀመሪያው ዙር ላይ ዘግይታችሁ ብትደርሱ ጣፋጩን በጥድፊያ ነው የምትበሉት።

አንድ ነገር ለጾመኞች። እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ቅቤ ያልነካው ነገር ማግኘት ከባድ ነው። የአትክልት ሾርባ የሚባለው እንኳ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ነው የሚሠራው። ምርጫው ሦስት ስለሆነ አራተኛ ምግብ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። ስለዚህ ቦታ ስትይዙ ተናገሩ። ከሁለት ቀን በፊት የነገረኝ ሰው በዘይት የተጠበሰ ሴሌሪ፣ ምስርና እንጉዳይ ይበላል። ወንበር ከሳበ በኋላ የነገረኝ ሰላጣ ነው የሚደርሰው።