«በሌዘር ማስወጣት» ምንድን ነው?

«አሁን ሌዘር መጥቷል፤ የኩላሊት ጠጠርን ከውጭ በጨረር አቅልጠው ያወጡታል፤ ኦፕሬሽን የለውም» ሲባል ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁ። ተናጋሪው በቅንነት ነው ያለው። ግን ይህን ያመነ ታካሚ ሰመመን እንደሚሰጠው ሲነገረው የተታለለ ይመስለዋል።

ከውጭ የሚመታው ሌዘር አይደለም፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ የተሞከረው የድምፅ ሞገድ ነው። የምንጠቀምበት የሆልሚየም ሌዘር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሳይሄድ ተውጦ ያልቃል። ቆዳ አልፎ ኩላሊት ሊደርስ ከቶ አይችልም። ጠጠሩ ድረስ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገዋል፤ ሕክምናው ይህ ማድረስ ነው።

ኩላሊትን እንደ ጓዳ ቁጠሩት። የድምፅ ሞገድ ደጅ ቆሞ ጓዳ ያለውን እንስራ መስበር ነው፤ ስባሪው እዚያው ይቀርና ታካሚው በሽንቱ ያስወጣዋል። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ፣ ግን በበሩ ይገባል፦ በሽንት መውጫ፣ ሳሎኑን፣ ማለትም ፊኛን፣ አልፎ፣ ዩሬተር በምትባለው ጠባብ መተላለፊያ ወደ ጓዳው። መተላለፊያዋ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ስፋቷ ግን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አላሳልፍ ካለች አንታገልም፤ ስቴንት የሚባል ሽንት የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ አስገብተን፣ እስክትሰፋ ጠብቀን እንመለሳለን። የኩላሊቱ ጠጠር ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ብዙውን ጊዜ የጓዳውን ግድግዳ፣ ማለትም ጀርባን፣ በትንሹ በስተን እንገባለን። ሌዘሩ ከገባን በኋላ የምናነሳው መዶሻ ነው።

«ማቅለጥ» የሚለውም ልክ አይደለም። ሌዘር ጠጠሩን ይፈረካክሳል ወይም ያደቅቃል። በሚዋጥ መድኃኒት የሚሟሟው በዋናነት የዩሪክ አሲድ ጠጠር ነው።

ደግሞም ዩሬተሯ በጠጠር ተዘግታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ያን ቀን ጠጠር አይሰበርም። መጀመሪያ የታቆረው ሽንት ይፈስሳል፤ መዘግየት ሕይወት ይቀጥፋል።

«ኦፕሬሽን የለውም» የሚለው አባባል ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ከሕክምናው በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ዲጄ የምንለውን ስቴንት ዩሬተሯ ውስጥ ትተን እንወጣለን። ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስመጣል፣ ጎን ያማል፣ ሽንቱን ደም ያስመስላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ሕመሙ ሲለመድ ግን «በሌዘር ተሠርቶልኝ አለቀ» ብሎ የሚቀር ሰው አለ። ወራት ሲያልፉ ስቴንቱ ራሱ ጠጠር ይለብሳል፤ ያኔ እሱን ማውጣት ከመጀመሪያው ጠጠር ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ስቴንት ገብቶልኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከገባ የሚወጣበትን ቀን ወረቀታችሁ ላይ አስጽፉ።