ሕልም አወራር በድሬዳዋና በሐረር

ድሬዳዋ ውስጥ አንዷ "ዛሬ ምን አየሁ መሰለሽ!" ስትል ሌላዋ ወዲያው "ምን አየሽ?" አትልም። መጀመሪያ "ደግ ይሁን!" ትላለች። ሙስሊም ጎረቤት ከሆነች "ኸይር ይሁን!" ትላለች። ሕልሙ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሐረርም ልማዱ ያው ነው። "ሕልም እንደ ፈቺው ነው" የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። የሰማው ሰው ደግ ከፈታው ደግ፣ ክፉ ከፈታው ክፉ ይሆናል ነው ነገሩ። ስለዚህ ሰሚው ገና ከመጀመሪያው የሕልሙ ባለድርሻ ነው። የሁለቱ ከተሞች የሕልም ወሬ የሚጥመውም፣ በእኔ እምነት፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ዋናው ቦታ ደግሞ ረከቦቱ ዙሪያ። ይህ ከእንቅልፍ አሠራር ጋርም ይገጥማል። ደማቅ ሕልም በብዛት የሚታየው ዓይን ከቆቡ ሥር ቶሎ ቶሎ በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። ይህን ክፍል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳወቁ። በአንድ ሌሊት በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት ሲጠጋ ይረዝማል። ሕልሙ ግን ከነቁ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ መጥፋት ይጀምራል። አቦሉ ላይ ያልተወራ ሕልም በረካው ላይ ግማሹ የለም።

ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ሌሊቱም አይበርድ። ሰው ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። ይገላበጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶ ያሸልበዋል። ሌሊት ደጋግሞ የሚነቃ ሰው ደግሞ ሕልሙን ይበልጥ ያስታውሳል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀዝቀዝ ትላለች፤ እዚያ ብርድ ልብስ ተለብሶ ነው የሚተኛው። የድሬ ሰው የሚያወራው ሕልም የማያልቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም።

ጨዋታ የሚያውቅ አውሪ ሕልሙን ሁሉ አይዘረግፍም። አንድ ቦታ፣ አንድ እንግዳ ነገር፣ አንድ ስሜት ይበቃዋል። ቦታው ሰሚው የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ አንዷ እንዲህ ትላለች፦ "ለገሃር ቆሜያለሁ። ባቡሩ መጣ። የሚወርደው ሰው ሁሉ የሰፈራችን ሰው ነው። ሻንጣ የያዘ የለም፤ ሁሉም የቡና ስኒ ይዟል። ብቻ ምን አለፋሽ፣ መጨረሻ ላይ የወረድሽው አንቺ ነሽ! ስኒሽ ግን ባዶ ነው።" ሰሚዋ እጇ ላይ ያለውን ስኒ ታስቀምጣለች። "እኔ? ባዶ? ምን ልሁን ብዬ!"

እዚህ ላይ ብዙ ነገር ተሠርቷል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ለገሃር ሲባል ለማንም መግለጫ አያስፈልግም። ወሬው "ቆሜያለሁ" ብሎ በአሁን ጊዜ ስለጀመረ ሰሚዋም አብራ ቆማለች። "ምን አለፋሽ" የምትለዋ ቃል ደግሞ አሰልቺውን መሃል ዘላ አልፋዋለች። ከሁሉም በላይ ሰሚዋ ራሷ ሕልሙ ውስጥ አለች። "ከዚያ ደግሞ፣ ከዚያ ደግሞ" እያለ የሚጎተት ሕልም ቡና ያቀዘቅዛል እንጂ ማንንም አይዝም። ድሬ ላይ ታላቁንም ታናሹንም "አንተ"፣ "አንቺ" ማለት ስለተለመደ እንዲህ ያለው ጨዋታ በዕድሜ አይታጠርም። የሰፈር ልጅም አሮጊቷን በሕልሙ ሊያመጣት ይችላል።

ፍቺው ላይ የታወቁ ምልክቶች አሉ። ጥርስ ሲወልቅ የዘመድ ሞት ነው ይባላል። ጥሬ ሥጋ በሽታ ወይም ሐዘን ነው። ሠርግ ለቅሶ ይሆናል፤ ለቅሶ ደግሞ ደስታ። ባዶ ስኒስ? ለእሱ የተወሰነ ፍቺ ስለሌለ ሰው እንደየጨዋታው ይፈታዋል። "ገና ሊሞላልሽ ነው" የምትል ጎረቤት ያለቻት ሴት ዕድለኛ ናት። ጥሩ ፈቺ ክፉ ምልክት ሲመጣባት እንኳ የምታወጣበት ቀዳዳ አታጣም።

ቀለል ተደርጎ የማይወራም አለ። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ጎርፍ ይዞ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ድሬ ውስጥ "ደቻቱ ሞልቶ አየሁ" የሚል ሰው የሚናገረውን ከማን ፊት እንደሚናገር ማየት አለበት። ከሰሚዎቹ መካከል ዘመዱን የቀበረ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሕልም ሲወራ ማድመቅ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

እምነትም ድንበር ያበጃል። በእስልምና መልካም ሕልም ከአላህ፣ ክፉው ከሸይጣን ነው። መልካሙን ለሚወዱት ሰው ብቻ መንገር ይመከራል። ክፉ ያየ ሰው በአላህ ይጠበቃል፣ ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ይላል፣ ጎኑን ቀይሮ ይተኛል፤ ለማንም አይናገርም። በቁርኣን ያዕቆብ ልጁን ዩሱፍን ሕልምህን ለወንድሞችህ አትንገር ይለዋል። በኦሪት ዘፍጥረት ደግሞ ዮሴፍ ለወንድሞቹ ነግሮ ጠመዱት። የሁለቱም እምነት ተከታይ አንድ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጥበት አገር ስለሆነ "ይሄንንስ ባትነግሪን" ሲባል ሁሉም ይገባዋል።

ክርስቲያኑ ዘንድ ሕልም ከስለት ጋር ይያያዛል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል "በሕልሜ አይቼው ነው የተሳልኩት" የሚል አይጠፋም። በዓሉ ሠለስቱ ደቂቅ ከናቡከደነፆር እሳት የዳኑበት ነው። ይኸው ንጉሥ፣ በትንቢተ ዳንኤል እንደተጻፈው፣ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ያየውን ሕልም ራሱን ንገሩኝ ብሎ ጠቢባኑን ያስጨነቀ ነው። የስለት ሕልም አወራሩ ከቡናው ይለያል። እንደ ምስክርነት ነው የሚነገረው፤ ማንም አያቋርጥም፤ ፍቺም አይጨምርበትም።

ዱካክም ይወራል። ነቅተህ መንቀሳቀስ ሲያቅትህ፣ ደረትህን የሆነ ነገር ሲጫንህ ማለት ነው። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና ሰውነት ገና ከሕልሙ እንቅልፍ ሳይላቀቅ ሲቀር የሚመጣ ነው። ይህን የደረሰበት ሰው ወዲያው ቢያወራው ጥሩ ነው፤ "እኔንም ይዞኝ ያውቃል" የሚል አንድ ሰው አይጠፋምና ፍርሃቱ ይቀላል።

ከሰዓት በኋላ ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ የሚወራው ሕልም ሌላ ዓይነት ነው። ምርቃናው ሲመጣ ወሬው ይረዝማል፣ ያየውና የተመኘው ይቀላቀላል። ለመዝናናት ጥሩ ነው። ፍቺ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ጠዋት ይምጣ።

አሁን ደግሞ ልጆቻቸው ጅቡቲ፣ ዓረብ አገርና ካናዳ ያሉ እናቶች ሕልማቸውን በቴሌግራም ድምፅ ይልካሉ። "ደህና ነሽ? በሕልሜ አይቼሽ ነው" ይላሉ፤ ያዩትን ግን አይናገሩም። ልጅቷ ሥራ ቦታ ሆና ይህን ስትሰማ ቀኑን ሙሉ ልቧ ይሰቀላል። መልካም ከሆነ ሕልሙን ጨምሮ መላክ ነው። የጥርስ ሕልም ከሆነ ደግሞ "ናፈቅሽኝ" ብሎ መደወል ይሻላል።