የአማርኛ ፊደልና የንባብ ትምህርት በመዋዕለ ሕፃናት

በመዋዕለ ሕፃናት የሚሰጠው የአማርኛ ንባብና ጽሕፈት ትምህርት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ድምፅን ከፊደል፣ ፊደልን ከቃል ማገናኘት የሚጀምሩበት የመጀመሪያው እርከን ነው። ልጁን የሚጠብቀው የፊደል ገበታ 33 ረድፍ ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከግዕዝ (ከመጀመሪያው ቤት) እስከ ሳብዕ (ሰባተኛው ቤት) በሰባት ይዘረዘራል፤ ይህ ብቻ 231 ምልክት ይሆናል። እንደ ቋ፣ ኳና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ በውሰት ቃላት ምክንያት የገባው ቨም በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ቁጥሩ ሲታይ ለሕፃን የከበደ ሸክም ይመስላል፤ ነገር ግን ፊደሉ ሥርዓት ያለው ስለሆነ፣ ሥርዓቱን ያስተዋለ ልጅ 231 ቅርጾችን አንድ በአንድ መሸምደድ አይጠበቅበትም። የመምህሩ ዋና ሥራም ይህን ሥርዓት ለልጁ ዓይንና ጆሮ ግልጽ ማድረግ ነው።

ፊደል ማስቆጠር በኢትዮጵያ ከዘመናዊው ትምህርት እጅግ ይቀድማል። በቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ልጆች በየኔታ ፊት ተቀምጠው፣ በስንደዶ ወይም በእንጨት እየጠቆሙ፣ መጀመሪያ ሀሁን በዜማ ይቆጥራሉ። ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ነው። በዚህ ገበታ ፊደላቱ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያሉ ከረድፍ ረድፍ፣ ከቤት ቤት ስለሚዘሉ፣ ሀሁን በዜማው ብቻ የያዘ ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ ፊደሉን በመልኩ ያልለየ ልጅ አቡጊዳን ሊዘልቅ አይችልም። ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ ወንጌልና በመጨረሻም 150 መዝሙራት ያሉት ዳዊት ይከተላሉ፤ ንባቡም ፊደልን በተናጠል ከመጥራት ተነሥቶ በውርድ ንባብ በኩል አቀላጥፎ ወደሚነበብበት ቁም ንባብ ይደርሳል። ይህ ሥርዓት ዛሬ «ሽምደዳ» እየተባለ በጅምላ ይነቀፋል። ነቀፌታው በከፊል እውነት ነው፤ ልጆቹ የሚያነቡት በማይናገሩት በግዕዝ ቋንቋ ስለነበር ትርጉሙን ሳይረዱ ዳዊት የሚደግሙ ብዙዎች ነበሩ፤ ጽሕፈትም ራሱን የቻለ ሙያ ተደርጎ ስለሚታይ ከንባቡ ጋር አብሮ አይሰጥም ነበር። ይሁንና ፊደልን ከተራው አውጥቶ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የኔታዎች በሚገባ ያውቁ ነበር፤ በብዙ የዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የጎደለው ይኸው ጥበብ ነው።

ዘመናዊው ቅድመ መደበኛ ትምህርት ለረጅም ጊዜ የከተማና የአቅም ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ለልጁ ሁለንተናዊ እድገትና ለመደበኛ ትምህርት መዘጋጃ አድርጎ ቢገልጸውም፣ ሥራው በአብዛኛው በግል፣ በሃይማኖትና በማኅበረሰብ ተቋማት ላይ ወደቀ። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጎን ሁለት መንገዶችን አሰፋ፤ አንዱ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለአንድ ዓመት የሚሰጠው ኦ ክፍል ሲሆን፣ ሌላው ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያለማምዱበት የልጅ ለልጅ ፕሮግራም ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል። ኦ ክፍል ፊደል የቆጠሩ የገጠር ልጆችን ቁጥር ከፍ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ክፍሉን የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ለትልልቅ ልጆች የሠለጠኑ መምህራን በመሆናቸው፣ ማስተማሪያው የአንደኛ ክፍል ትምህርት ቀደም ብሎ እንደመጣ ዓይነት ይሆናል።

ንባብ ከፊደል በፊት በጆሮ ይጀምራል። ልጁ «ላም» እና «ላባ» በአንድ ድምፅ እንደሚጀምሩ፣ «በር» እና «ሳር» በአንድ ድምፅ እንደሚያልቁ ሳይሰማ ፊደል ቢያሳዩት የሚያየው ምስል ብቻ ነው። እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ የአኩኩሉ ጨዋታ ምልልስ፣ ቃልን በጭብጨባ መከፋፈል ለዚህ የተሠሩ ያህል ናቸው፤ ብዙ ቃላት በአፉ ያለው ልጅም ያነበበውን ቃል ወዲያው ያውቀዋል። አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። በእንግሊዝኛ «ቢ» የሚባለው ፊደል ድምፁ «ብ» ስለሆነ ልጁ ስሙንና ድምፁን ለየብቻ ይማራል፤ በአማርኛ ግን የፊደሉ ስም ራሱ ድምፁ ስለሆነ «በ» እና «ላ» የሚያውቅ ልጅ «በላ» ብሎ ለማንበብ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል።

ከየትኛው ፊደል መጀመር አለበት የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በታች ይታሰብበታል። ልማዱ ከሀ መጀመር ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ «ሀ» እና «ሃ» አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ፣ ልጁ የሰባቱን ቤቶች ሥርዓት የሚማርበት የመጀመሪያው ረድፍ ሥርዓቱን ያፈርስበታል፤ ገና ሳይደላደልም ሐ ይመጣበታል። በ፣ ለ፣ ሰ፣ መ፣ ተ፣ ነ እና ረ ረድፋቸው በድምፅ ያልተፋለሰ ከመሆኑም በላይ፣ ከአ ጋር ሆነው «ቤት»፣ «ሳር»፣ «ላም»፣ «እናት»፣ «አባት» የሚሉትን ቃላት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ያስነብባሉ። ቅርጹም እንዲሁ ያግዛል፤ ሁለተኛው ቤት ካዕብ ከቀኝ ወገቡ ላይ ቅጥያ ያወጣል (ቡ፣ ሉ፣ ሱ)፣ ሦስተኛው ሣልስ ከእግሩ ሥር (ቢ፣ ሊ፣ ሲ)፣ አምስተኛው ኃምስም በእግሩ ላይ ቀለበት ይይዛል (ቤ፣ ሌ፣ ሴ)። እንደ ሩ፣ ሪና ፉ ያሉት ከደንቡ የወጡ ስለሆኑ ደንቡ ከጸና በኋላ ቢመጡ ይሻላል። ከግዕዙ 26 ፊደላት ላይ ለአማርኛ የተጨመሩት ሰባቱም ከመሠረታቸው ጋር ጥንድ ሆነው ሲቀርቡ ቀላል ናቸው፤ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ልጁ የቅርጹንም የድምፁንም ዝምድና ራሱ ያገኘዋል።

ከባዱ ስድስተኛው ቤት፣ ሳድስ ነው። ቅርጹ ደንብ አይጠብቅም፤ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ይዋጣል። «ትምህርት» በሚለው ቃል አምስቱም ፊደላት ሳድስ ሲሆኑ ቃሉ የሚነገረው ግን በሁለት ቀለም (ትም-ህርት) ነው፤ ልጁ «ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት» እያለ አምስቱንም እኩል ከጠራቸው የሚያውቀውን ቃል ሊያገኘው አይችልም። መጥበቅና መላላትም በጽሕፈት አይታይም። «ልጁ ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ገና» አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ዓይነት ይነበባል፤ መለያው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በተናጠል ቃል ብቻ የሚለማመድ ልጅ ይህን ሊማር አይችልም፤ መምህሩ ጮክ ብሎ የሚያነብለት አጭር ታሪክ የግድ ያስፈልገዋል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ የሚባሉት ሞክሼ ፊደላት ግን በዚህ ዕድሜ ማወቅ የሚገባቸው ለዓይን ያህል ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ድምፁን በትክክል ሰምቶ ጽፏልና ሊመሰገን ይገባል።

ጽሕፈት የራሱ መንገድ አለው። የአራት ዓመት ልጅ ጣት ለእርሳስ አልጠናም፤ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ዶቃ መሰካት፣ በአሸዋና በአየር ላይ መሣል፣ ቀጥ ያለ፣ ያዘመመና ክብ መስመር ማስመር ይቀድማሉ። ሀ፣ ተ፣ ለ፣ በ ለጀማሪ እጅ ይቀናሉ፤ ጨ፣ ኘ፣ ፀና ጰ ግን ልጁ ቀድሞ ቢያነባቸውም ለመጻፍ ሊዘገይባቸው ይችላል፤ የንባቡና የጽሕፈቱ ቅደም ተከተል አንድ መሆን የለበትም። ፊደሉ ዓቢይና ንዑስ የሚባል ልዩነትም ሆነ ተቀጣጥሎ የሚጻፍ መልክ የሌለው መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን እፎይታ የሚነጥቀው የቤት ሥራ ነው። በብዙ የከተማ ኬጂዎች አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ አንድን ፊደል ሙሉ ገጽ እንዲገለብጥ ይታዘዛል፤ ወላጅም የደብተሩን መሙላት እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል። በዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በእኩል ፍጥነት ይጫንበታል። ሁለት ጽሕፈት መማር ለሕፃን የሚሳነው ነገር አይደለም፤ የሚጎዳው ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ማንበብ ሲጀምርና በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ሲቀርበት ነው።

ዋጋው በኋላ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና በተለያዩ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ታሪክ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች የተዘጋጁት የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ፊደልን ከድምፅና ከታሪክ ጋር አያይዘው ማቅረብ ጀመሩ። በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ ከተሞች በሰንበት ትምህርት ቤቶች አማርኛ የሚማሩ ልጆች ችግር ግን ከዚህ ይለያል፤ እነርሱ ፊደሉን ቶሎ ይለዩታል፣ የሚያነቡትን ቃል ግን አያውቁትም። ለእነዚህ ልጆች ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሚሰጠው የአንድ ሰዓት ገበታ ይልቅ በየምሽቱ ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚነገር ተረት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል፤ ቃሉ በጆሯቸው ከገባ ፊደሉን ለማገናኘት ጥቂት ወራት ይበቃቸዋል።